መድኃኒት ከመጨመራችን በፊት የታካሚው ክንድ የት ነበር? (ስለ ደም ግፊት የወጡ አዳዲስ ጥናቶች)

የጤና_ጣቢያ_ሐኪም

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ጤና ጣቢያና ተመላላሽ ክፍል ለምትሠሩ ባልደረቦቼ ነው። መጀመሪያ ባለፈው ሳምንት የገጠመኝን ልንገራችሁ።

አንዲት እናት ለግፊት ክትትል መጡ። ስድሳን አልፈዋል። አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት 10 ሚሊ ግራም ከጀመሩ ቆይተዋል። ካርዳቸው ላይ 158/94 ተጽፏል። ባለፈው ቀጠሮም ከፍ ያለ ነበር። ሁለተኛ የግፊት መድኃኒት፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ልጨምርላቸው እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ከዚያ የት እንደተለኩ ዞር ብዬ አየሁ።

ወንበሩ በሩ አጠገብ ነው። መደገፊያው ወልቋል። አጠገቡ ጠረጴዛ የለም። እናቲቱ ከታክሲ ወርደው፣ ዳገቷን ወጥተው፣ ገና ትንፋሻቸው ሳይመለስ ነው የተለኩት። እጃቸው ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ካፉ (ክንድ ላይ የሚታሰረው የመለኪያው ጨርቅ) የታሰረው በሹራብ ላይ ነው። ለኪዋ ባልደረባችን ደግ ሰው ናት፤ እየለካች ስለ ልጆቻቸው ትጠይቃቸው ነበር፤ እሳቸውም ይመልሳሉ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ጋ አንዴ እንድገመው» አልኳቸው። ሹራባቸውን አወለቁ። ጀርባቸውን አስደገፍኩ። እግራቸው መሬት ረገጠ። ክንዳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ልባቸው ትክክል አሳረፍኩት። 5 ደቂቃ ሁለታችንም ዝም አልን። 136/82። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩት። 134/82።

መድኃኒቱን አልጨመርኩም። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እስከ ዛሬ ስንት ሰው ላይ እንዲሁ ጨምሬ ይሆን?

አሜሪካ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ቀላል ጥናት አውጥተው ነበር። 133 ሰዎችን በ3 ዓይነት የክንድ አቀማመጥ ለኩ። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለተኛው ጭን ላይ፣ ሦስተኛው ወደ ጎን ተንጠልጥሎ። የትኛው እንደሚቀድም በዕጣ ነበር የሚወሰነው። ክንዱ ጭን ላይ ሲሆን የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ3.9 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (ግፊት በሚለካበት አሃድ) ከፍ ብሎ ተነበበ፣ የታችኛው በ4.0። ሲንጠለጠል የላይኛው በ6.5፣ የታችኛው በ4.4 ከፍ አለ። ሰውየው ያው ሰው ነው፣ መለኪያውም ያው ነው። የተለወጠው ክንዱ ያለበት ቦታ ብቻ ነው።

ለእኛ ሥራ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከወጣው ሁሉ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ግኝት የለም ብዬ አምናለሁ። አዲስ መድኃኒት ለመግዛት በጀት ያስፈልጋል። ለዚህ ግን አንድ ጠረጴዛ ይበቃል። እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚለካው?

ሲስተር_አዳማ

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ለኪዋ በደግ ስላነሱ ደግሞ አመሰግናለሁ። ብዙ ጊዜ ነርሷ ላይ ነው ጣት የሚቀሰረው።

እኛ ጋ የክትትል ቀን ሰልፉ እስከ ግቢው በር ይደርሳል። ለአንድ ሰው 5 ደቂቃ ዝም ብዬ ብቀመጥ ሰዉ ምሳ ሰዓት ድረስ አያልቅም። እኔም ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ተምሬዋለሁ። ግን ከኋላ «ሲስተር ቶሎ በይ» ሲባል እጅ ይቸኩላል።

ስለ ክንድ የጻፉትን ሳነብ ግን ደነገጥኩ። እኔ ሁልጊዜ ጭን ላይ ነው የምለካው። ጭንም ድጋፍ ስለሆነ ይበቃል ብዬ ነበር።

ሬዚደንት_2

ጥናቱን አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ ነው። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። 133 ሰው፣ ያውም አሜሪካ ውስጥ። ለእኛ ታካሚ ይሠራል ብለን እርግጠኛ ሆነን መናገር እንችላለን?

የጤና_ጣቢያ_ሐኪም

@ሬዚደንት_2 ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። የመድኃኒት ጥናት ቢሆን እኔም ያንኑ እጠይቅ ነበር። ይኼ ግን የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ክንዱ ከልብ በታች ሲወርድ የደሙ ዓምድ ክብደት ይጨመርበታል። በ1 ሴንቲ ሜትር 0.8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ከወረደ 8 ማለት ነው። ባልቲሞርም ሆነ ባሕር ዳር ያው ነው። በዚያ ላይ ያልተደገፈ ክንድ ጡንቻው ይወጠራል።

@ሲስተር_አዳማ ሲስተር፣ ሰልፉ የሁላችንም ችግር ነው። እኔ ያሰብኩት ይህን ነው። 5 ደቂቃውን ለኪዋ ፊት ማሳለፍ የለባቸውም። ከመለኪያው ወንበር አጠገብ አግዳሚ ቢደረግና ቀጣዮቹ 3 ወይም 4 ሰዎች እዚያ ቢጠብቁ፣ ተራቸው ሲደርስ አርፈዋል። አንቺ ግን ከእኔ ይልቅ ቤቱን ታውቂዋለሽ፤ የማይሠራ ከሆነ ንገሪኝ።

መኮንኑ_ከወልዲያ

ክንዱን ካነሳችሁ አይቀር ካፉንም አንሱ እንጂ። እነዚያው የጆንስ ሆፕኪንስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ካፍ መጠን አጥንተዋል። ትልቅ ካፍ የሚያስፈልገውን ሰው በመደበኛው ሲለኩት የላይኛው ቁጥር በ4.8 ከፍ አለ። ከሁሉም ትልቁ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ በመደበኛው ሲለካ በ19.5 ከፍ አለ። አስቡት፤ 125 የሆነ ሰው 144 ተብሎ መድኃኒት ይጀምራል፣ ዕድሜ ልኩን!

የእኔ ታካሚዎች ግን አብዛኞቹ ቀጫጭን ናቸው። ከገጠር የሚመጡት አረጋውያን ክንዳቸው በጣም ቀጭን ነው፤ ካፉ ዞሮ ዞሮ ይተርፋል። ትንሽ ካፍ የሚያስፈልገውን ሰው በመደበኛው ስትለካው ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ ብሎ ነው የሚነበበው፤ በዚሁ ጥናት በ3.6። ስለዚህ «ደህና ነዎት» ብለን የምንሸኛቸው አሉ ማለት ነው። እኛ ጋ ያለው አንድ መጠን ብቻ ነው። የሕፃናት ክፍል ውስጥ ትንሹ ተቀምጦ አገኘሁት። ከትናንት ጀምሮ ተውሼ እየሠራሁበት ነው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልናገር። «በትክክል አልተለካም» የሚለው ሰበብ እንዳይሆንብን እፈራለሁ። አንድ አባት ነበሩ። ሁለት ጊዜ ከፍ ብሎ ተገኘባቸው። ሁለቱንም ጊዜ «መንገድ አድክሞዎት ነው፣ በሚቀጥለው ወር ይምጡ» አልኳቸው። በሦስተኛው ልጆቻቸው በቃሬዛ ይዘዋቸው መጡ። ግማሽ አካላቸው አይንቀሳቀስም፣ አንደበታቸው ተይዟል። ከዚያ ወዲህ «ደክመው ነው» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም።

የጤና_ጣቢያ_ሐኪም

@መኮንኑ_ከወልዲያ ይህን ስለጻፍክልን አመሰግናለሁ። ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም ሐሳቤን በደንብ አልገለጽኩትም ነበርና ላስተካክል። በትክክል ያልተለካ ግፊት በዚያው ቀን፣ ሰውየው ከግቢ ሳይወጣ ይደገም። ከፍ ካለ በዚያው ቀን ይወሰን። ለሚቀጥለው ወር የሚተላለፍ ጥርጣሬ አይኑር። በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ የዓይን ብዥታ ካለ ደግሞ ክንድ ስናስተካክል ጊዜ አናጥፋ፤ ሕክምናው ይቅደም።

ሲስተር_አዳማ

ይኼ ገብቶኛል ዶክተር። ካርዱ ላይ ለሁለተኛው ልኬት ቦታ ቢኖር ጥሩ ነበር። አሁን ያለው አንድ ሳጥን ነው።

ሐበሻ_ሐኪም_ሜሪላንድ

ከሩቅ ሆኜ ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ የአገሬ ሰዎች ናቸው፤ ችግሩም ያው ነው። እዚህም ክንድ እያንጠለጠሉ የሚለኩ ሞልተዋል።

ታካሚዎቼ በየሳምንቱ የሚጠይቁኝን ልጨምር። «የግፊት መድኃኒት ማታ ይሻላል አሉ፣ እውነት ነው?» ይሉኛል። ነገሩ የመጣው ከስፔን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሂጂያ የተባለ ጥናት ወጣ። 19 ሺህ ያህል ሰዎች ነበሩበት። ማታ የወሰዱት ላይ የልብና የደም ሥር አደጋ በ45 በመቶ ቀነሰ ተባለ። ዜናው በየቦታው ተሰራጨ። ብዙ ባለሙያዎች ግን ቁጥሩ ከመጠን በላይ ትልቅ ሆነባቸውና አሠራሩን ጠየቁ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2022 እንግሊዞች ታይም የተባለውን ጥናታቸውን አወጡ። ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሱ ጠዋት ገሚሱ ማታ ወሰደ። ከ5 ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። በልብ ድካም፣ በስትሮክ ወይም በተያያዘ ሞት የተጎዱት ማታ ከወሰዱት 3.4 በመቶ፣ ጠዋት ከወሰዱት 3.7 በመቶ ናቸው። ይህ ልዩነት በዕድል ሊመጣ የሚችል ነው። በ2025 ደግሞ ካናዳ ውስጥ ቤድሜድ የተባለው ጥናት በ3,357 ሰዎች ላይ ያንኑ አገኘ።

ስለዚህ ለታካሚዎቼ የምላቸው አንድ ነው። «እማማ፣ የማይረሱት ሰዓት የቱ ነው?» አንዷ «ከቡና በፊት» ይሉኛል። «በቃ፣ ከቡና በፊት ይውሰዱ» እላቸዋለሁ።

ይቅርታ፣ ላርም። ከላይ «የልብ ድካም» ያልኩት የልብ ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ የሚመጣውን ነው፤ ብዙ ሰው «ሃርት አታክ» የሚለውን።

መኮንኑ_ከወልዲያ

ይኼ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው! ዐቢይ ጾም ሲገባ ታካሚዎቼ ጠዋት መውሰዱን ይተዋሉ። 55 ቀን ነው። ሲጠየቁ «እየወሰድኩ ነው» ይላሉ፤ ማስቀየም አይፈልጉም። እኔም ጠዋት ካልሆነ አይሆንም የሚል ነገር አእምሮዬ ውስጥ ስለነበር እከራከራቸው ነበር። ለካ ያለ ምክንያት ነበር የምከራከረው።

የጤና_ጣቢያ_ሐኪም

እኔም ከዚህ ጥናት የወሰድኩት ይህንኑ ነው። ክኒን ጾም ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም የሚለውን ለንስሐ አባታቸው እተዋለሁ፤ የእኔ ሙያ አይደለም። እኔ የምችለው ሰዓቱን ማስማማት ነው። ከቅዳሴ በኋላ 9 ሰዓት ላይ ምግብ ሲቀምሱ ይውሰዱ። ረመዳን የሚጾሙት በኢፍጣር ወይም በሱሁር ይውሰዱ። አምሎዲፒን ደግሞ ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ጥቂት ሰዓት ወዲያና ወዲህ ቢል ብዙ አይጎዳም።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ይህ የሚሆነው በቀን አንዴ ለሚወሰድ የግፊት መድኃኒት ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ካሉ ጾም ከመግባቱ በፊት ለብቻ እንነጋገር። ሁለተኛ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል። መኝታ ላይ የወሰዱ አዛውንት ሌሊት በጨለማ ወደ ውጭ ይወጣሉ። መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ለሆነባቸው ሰዎች ይህን እጠይቃለሁ።

የእማዬ_ልጅ

ይቅርታ፣ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ እናቴ አዲስ አበባ ናቸው። 74 ዓመታቸው ነው፣ ግፊት አለባቸው። በየዓመቱ ሰው ሲሄድ ባለ 81 ሚሊ ግራሙን ትንሹን አስፒሪን በሻንጣ እልክላቸዋለሁ። ደም ያቀጥናል፣ ለልብ ጥሩ ነው ተብዬ ነው። በቅርቡ ድዳቸው መድማት ጀመረ። ተሳስቼ ይሆን?

የጤና_ጣቢያ_ሐኪም

እህቴ፣ መጠየቅሽ መልካም ነው። በፍቅር ያደረግሽው ነውና ራስሽን አትውቀሺ። ለረጅም ዓመት እኛ ሐኪሞችም ያንኑ ስንመክር ኖረናል።

እ.ኤ.አ. በ2018 አስፕሪ የተባለ ጥናት ወጣ። አውስትራሊያና አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ነው። ከ19 ሺህ በላይ አረጋውያን ገቡበት፤ አብዛኞቹ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። ቀድሞ የልብ በሽታ ወይም ስትሮክ ያልነበረባቸው ናቸው። ገሚሱ በየቀኑ 100 ሚሊ ግራም አስፒሪን ወሰደ፣ ገሚሱ መድኃኒት የሌለበት ክኒን። ወደ 5 ዓመት ገደማ ተከታተሏቸው። አስፒሪኑ የልብና የደም ሥር በሽታን ያን ያህል አልቀነሰም። ከባድ የደም መፍሰስ ግን አስፒሪን ከወሰዱት 3.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 2.8 በመቶ ላይ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ስለ መከላከያ ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የባለሙያዎች ቡድንም 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለመከላከል ብለው አዲስ እንዳይጀምሩ መከረ።

አሁን በጣም አስፈላጊውን ልንገርሽ። እናትሽ ከዚህ በፊት የልብ ሕመም አጋጥሟቸው፣ ስትሮክ ነክቷቸው ወይም የልባቸው ደም ሥር ውስጥ ማስፊያ (ስቴንት) ገብቶላቸው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እንዲህ ላሉ ሰዎች አስፒሪን መድኃኒታቸው ነው፤ በራሳቸው ማቆም አደገኛ ነው። ስለዚህ በስልክ «አቁሚ» አትበያቸው። የሚከታተሏቸው ሐኪም ዘንድ በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ድዳቸው እንደሚደማ ይንገሩ። ለወገብ ወይም ለጉልበት ብለው የሚገዙት ማስታገሻ ካለ እሱንም ይዘው ይሂዱ፤ ከአስፒሪን ጋር ሲሆን ጨጓራ ያደማል። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይታዩ።

የእማዬ_ልጅ

እናቴ የልብ ሕመም ኖሯቸው አያውቅም። ዲክሎፌናክ ግን ለጉልበታቸው ይገዛሉ፤ አሁን ደውዬ ጠየቅኳቸው። ነገ ጠዋት ወንድሜ ይወስዳቸዋል። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ፋርማሲ_ቤት

አስፒሪኑም ዲክሎፌናኩም እኔ ፊት ነው በየቀኑ የሚገዙት። ዲክሎፌናክ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ግፊት አለብዎት?» ብዬ ሳልጠይቅ አልሸጥም።

ከመድኃኒት በኩል አንድ ሁለት ልጨምር። እንደ እኛ ላሉ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች በመጨረሻ እየመጡ ነው፤ ይህ ያስደስተኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ክሪኦል የተባለው ጥናት ካሜሩን፣ ኬንያ፣ ሞዛምቢክ፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ዩጋንዳ ውስጥ በ728 ጥቁር ታካሚዎች ላይ የተሠራ ነው። ጥያቄው የትኞቹ ሁለት መድኃኒቶች ሲጣመሩ ይሻላሉ የሚል ነበር። አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱ ጥምረቶች፣ ከሃይድሮክሎሮታያዛይድም ሆነ ከፔሪንዶፕሪል ጋር፣ አምሎዲፒን ከሌለበት ጥምረት የላይኛውን ቁጥር በ3 ገደማ የበለጠ ዝቅ አደረጉ። 24 ሰዓት እየተለካ ነው።

በ2024 ደግሞ ናይጄሪያ ውስጥ 300 ሰዎች ላይ ሌላ ተሠራ። ቴልሚሳርታን፣ አምሎዲፒንና ኢንዳፓማይድ በአነስተኛ መጠን በአንድ ክኒን ውስጥ ተጣምረው ተሰጡ፤ ከተለመደው ደረጃ በደረጃ ሕክምና ጋር ተወዳደሩ። በ6 ወር ቤት ውስጥ ሲለካ የላይኛው ቁጥር በአንዱ ክኒን በ31፣ በተለመደው ደግሞ በ26 ቀነሰ። ሦስት ጠርሙስ ይዞ ከመሄድ አንድ ክኒን! እንዲህ ያለው ክኒን እስካሁን እኔ መደርደሪያ ላይ አልደረሰም። ቢመጣ ብዬ እመኛለሁ። አንዱ መድኃኒት ሲጠፋ ታካሚው ሌላውንም አብሮ ሲተው በየወሩ አያለሁና።

ሬዚደንት_2

የናይጄሪያውን አላየሁትም ነበር፤ ዛሬ ማታ አነበዋለሁ። ስለ ጨው ማንም አላነሳም። ቻይና ገጠር ውስጥ 600 መንደሮች ላይ የተሠራው አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው። ሩብ ያህሉ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነ ጨው ተሰጣቸው። ስትሮክ በ14 በመቶ፣ ሞት በ12 በመቶ ቀነሰ። ወጥ የሚሠራው ቤት ውስጥ ስለሆነና ጨው የሚገባውም በእናቶች እጅ ስለሆነ እኛ ጋ የሚሠራ ይመስለኛል።

ፋርማሲ_ቤት

ጨውን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ወይም ስፓይሮኖላክቶን የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያን ጨው መጠቀም የለበትም፤ ፖታሲየም ደም ውስጥ በጣም ከፍ ካለ ልብን ሊያቆም ይችላል። ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት መድኃኒት የሚወስዱም ሐኪም ሳይጠይቁ አይጀምሩት።

ሲስተር_አዳማ

ተመለስኩ። ኃላፊዬን አናገርኳቸው። ከመመዝገቢያ ክፍል አንድ ትርፍ ጠረጴዛ አገኘን። አንደኛው እግሩ ያጥር ነበር፤ የጥበቃው ጋሼ እንጨት ቆርጠው አስተካከሉልን። አግዳሚውን ከግድግዳው አስጠግተን 4 ሰው ይቀመጣል። ግድግዳው ላይ «ሲለኩ አይናገሩ» ብለን ለጠፍን። መጀመሪያ ሰዉ ግራ ገባው፤ ዝም ሲባል የታመመ መሰለው። አሁን እርስ በርሳቸው ይተራረማሉ።

ሰልፉ የፈራሁትን ያህል አልረዘመም። ዛሬ ከፍ ብሎ የተገኘባቸውን ሁሉ በዚያው ቀን ደገምን። የአንዳንዱ ወረደ። የአንድ አባት ግን ሦስቴም ስንለካው 170ን አልፏል፤ ወዲያው ሐኪም ዘንድ አስገባኋቸው፣ መድኃኒት ጀመሩ። ሁለተኛውን ቁጥር ካርዱ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ እየጻፍኩ ነው።

መኮንኑ_ከወልዲያ

ሲስተር፣ ተባረኪ። የጠረጴዛው ቁመት ስንት ነው? እኛም አናጺ እናሠራለን።

ሲስተር_አዳማ

ነገ ጠዋት ለክቼ እጽፍልሃለሁ ወንድሜ።